ቁስቋም ዳገት ላይ ያለው የእናታችን ቤት አልሸጥ አለን፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

የዳገቷ ልጅ (ሐምሌ 2017)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እናታችን ያረፈችው ኅዳር 2015 ነው። አራት ልጆች ነን። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ተከራይቼ እኖራለሁ። እህቴ ባሕር ዳር ናት። ታናሻችን አዲስ አበባ፣ ታላቃችን ሜሪላንድ። ተዝካሯን ካወጣን በኋላ ቤቱን ሸጠን እንካፈል ተባባልን። ሰኔ 2016 ለሽያጭ አወጣነው። ይኸው ዓመት አለፈው።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ዳገቱ ላይ ነው። 240 ካሬ፣ ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ)። ዋናው ቤት ሦስት ክፍል ጭቃ ነው፤ ውጪው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ወለሉ ሊሾ ነው። አሁን ተዘግቶ ነው ያለው። ከጀርባ በብሎኬት የተሠሩ ሁለት ሰርቪሶች አሉ። አንዱ ውስጥ ተከራይ አለች፤ ሌላው የእማዬ ማድ ቤት ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ዘይቱንና ሁለት እግር ጌሾ አለ። በሩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ግንቡ ይታያል። ደላላው ይህን እይታ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። እስካሁን ለእይታው ብሎ ገንዘብ የጨመረ ግን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ብለን ጠራን። በወሩ አንድ መተማ እርሻ ያለው ሰው መጣና 6 ሚሊዮን እሰጣለሁ አለ። «እስቲ እንመካከር» አልነው። እየተመካከርን እያለ ሐምሌ 22 ብር በገበያ ይመራ ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሜሪላንዱ ወንድሜ በዚያው ሰሞን ደወለ። «ቤታችን በዶላር ግማሽ ሆነ እኮ! ከ9 ሚሊዮን በታች እንዳትነኩት» አለ። የመተማው ሰው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ትልቁ ዋጋ 5.8 ነው።

ሁለት ደላላ ቀይረናል። የመጀመሪያው «ሁኔታው ነው» አለኝ። ሁለተኛውም «ሁኔታው ነው» አለኝ። ሁኔታውን እኔም አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ነው የምኖረው። ግን በዚሁ ሁኔታ ከእኛ ሁለት ግቢ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ጥር ላይ ተሸጧል።

እና ምን ይሻላል? ቀለም ቀብተን ኮርኒስ ቀይረን እንሞክር? ወንድሜን ልጨቅጭቀው? ወይስ ትተነው እናከራየው? እኔ ኪራይ እየከፈልኩ ባዶ ቤት መጠበቅ ሰልችቶኛል። ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር ያ ቁልፍ እጄ ላይ ይመጣል።

አዘዞ ማዶ

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። 6 ሚሊዮን ይዞ የመጣን ሰው «እንመካከር» ብሎ የመለሰ ሰው ቤቱ አልሸጥ አለኝ አይልም። አልሸጥኩም ነው የሚለው። ቀንሱ፣ አለቀ።

የዳገቷ ልጅ

ተናዝዣለሁ። ግን «አለቀ» የሚባለው ባለቤቱ አንድ ሲሆን ነው። እዚህ አራት ነን። አንዱ ደግሞ ከሥራ ወጥቶ ስልክ የሚያነሳው እኛ ተኝተን ነው።

ዋርካው ሥር

እታለም፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ደላላ ነበርኩ። አሁን ወፍጮ ቤት አለኝ፤ እንቅልፌንም እተኛለሁ። የሙያ ወንድሞቼን ላለማማት ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ግን «ሁኔታው ነው» የሚለውን ሳነብ አልቻልኩም። እኔም ስንቴ ብየዋለሁ! ደላላ ሁኔታው ነው ካለሽ ገዢው ለምን እንደሄደ አልጠየቀውም ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አይተው የሄዱትን ሰዎች ስልክ ከደላላው ተቀበይ። ሦስቱን እንኳ ደውለሽ «ለመሸጥ አይደለም የደወልኩት፣ ምን ቅር እንዳለዎት ንገሩኝ» በያቸው። ሰው ከገዢነት ሲወጣ እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛ፣ አንቺ በሌለሽበት በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ተከራይዋ ከሆነች አስቢበት። ቤቱ ተሸጠ ማለት ለእሷ ውጪ ማለት ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ለመጣው ሁሉ «ያፈሳል፣ ውሃም የለም» ነበር የምለው። አንድ ጊዜ ቀበሌ 18 አካባቢ ሰባት ገዢ ያሸሸች አንዲት ባልቴት ተከራይ ነበሩ። ክፉ ሆነው አልነበረም። ማንም ቀርቦ ስላላናገራቸው ነው።

ቀለምና ኮርኒስ ያልሽውን ተዪው። 240 ካሬ ላይ ያለ የጭቃ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን አይደለም የሚገዛው፣ ቦታውን ነው። ነገ አፍርሶ ይሠራል። ለሚፈርስ ቤት ቀለም ለማን ነው? ይልቅ አረሙን አስጭጂ፣ አሸንዳውን አስጠርጊ፣ የውጪውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀቢ። ዳገት ላይ ውሃ እንዴት እንደሚደርስ ገዢውም ያውቃል፤ ስለዚህ ሮቶ ካላችሁ ሞልቶ ይጠብቀው። መስኮቶቹን ደግሞ ሰው ሳይመጣ ክፈቻቸው። የተዘጋ የጭቃ ቤት በክረምት የሚሸተውን ሽታ ታውቂዋለሽ። ገዢ ደጃፉ ላይ አፍንጫውን ሲይዝ ካየሽ ዋጋው እዚያው ግማሽ ሚሊዮን ወርዷል።

ሌላው፣ ቤቱ በስንት ደላላ እጅ ነው ያለው? አንዱ 9፣ አንዱ 8.5፣ ሌላው «ይነጋገራሉ» እያለ ሲዞር ከተማው ጠቦ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ገዢው «ይሄ ቤት አንድ ነገር አለበት» ብሎ ይሸሻል። ለአንድ ሰው ስጪው፣ ቁርጥ ዋጋ ስጪው፣ ሦስት ወር ስጪው።

የመተማው ሰው እንዳይረሳሽ። የሰሊጥ ሰዎች ገንዘብ እጃቸው የሚገባው ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፣ ከኅዳር በኋላ በይው። በሰኔና በሐምሌ ብራቸው መሬት ውስጥ ነው። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣውም ያኔው ነው የሚመጣው።

ማኅተም

የቀድሞው ደላላችን ጥሩ ብለዋል፤ አንድ ነገር ግን ዘለሉ። እህቴ፣ ካርታው በማን ስም ነው?

የዳገቷ ልጅ

በእማዬ ስም። ልጆቿ አራታችን መሆናችንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ማኅተም

ሰፈሩ አይፈርምም።

ይኸው ነው ችግራችሁ፣ ወይም ግማሹ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የአያቴን ቤት ለመሸጥ ሁለት ዓመት ችሎት የተመላለስኩ ሰው ነኝ። በመጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ታወጣላችሁ። አባታችሁም አርፈው ከሆነ የእሳቸውን ወራሾችም አብራችሁ አስወስኑ፤ ቤቱ የጋራቸው ከነበረ ግማሹ የእሳቸው ነው። ገዢ የሚፈራው ይህንኑ ነው፦ ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ከየት የመጣ ልጅ «ድርሻዬ» ይለኛል ብሎ። ቀጥሎ ማስረጃውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማ መሬት ክፍል ስሙን ታዞራላችሁ።

የሜሪላንዱ ወንድምሽ ውክልና ሰጥቶሻል? ከሰጠ አውጥተሽ አንብቢው። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። እዚያ ኤምባሲያችን ያረጋግጠዋል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ያልፋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ወራት ሊወስድ ይችላል። ገዢ ከተገኘ በኋላ ከጀመራችሁት ገዢው አይጠብቃችሁም።

ቀብድም ልብ በይ። እኛ 200 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልን። በሳምንቱ አጎቴ «የተሻለ ሰው አገኘሁ» ብሎ አፈረሰው። 400 ሺህ መለስን። ቁጥር 1885 እንዲህ ነው፦ በውሉ ሌላ ካልተባለ፣ ቀብድ የሰጠ ሲያፈርስ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። አራታችሁ በአንድ ዋጋ ሳትስማሙ የማንንም ቀብድ እንዳትነኩ።

ወጪውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስም ሲዞር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይቀመጥ። የሽያጩ ግብር እናንተን ይመለከት እንደሆነም ገቢዎች ሄደሽ ጠይቂ። ከሽያጩ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ወንድማማች ያጣላል።

ካውንተር ሦስት

ባንክ ነው የምሠራው፤ የገዢውን ወገን ልንገራችሁ። ቤት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፣ ብድር ነው የጠፋው። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አደረገ። ታኅሣሥ 2017 ወደ 18 ከፍ አደረገው። ያችን ታህል ይዞ ባንኩ መጀመሪያ የሚያየው ነጋዴውን ነው። የመምህር ደመወዝ ይዞ የጭቃ ቤት ልግዛ የሚለውን ሰው ፋይሉን እንኳ አንቀበለውም። ስለዚህ የእናንተ ገዢ ጥሬ ብር ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት መሆኑን ስለሚያውቅ አይቸኩልም።

አንዳንዱ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በስድስት ወር» ይላል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን ስሙ ሳይዞር ቁልፍ አትስጡ፤ ክፍያውም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን። በከረጢት ብር ተሸክሞ ዳገት መውጣት በዚህ ጊዜ አይመከርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የወንድምሽ ወገን ነኝ፤ አትቆጡኝ። እዚህ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ከአገሬ ስወጣ የነበረው ቤታችን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ግድግዳው አዲስ፣ ግቢው የተጠረገ፣ እናቴ በረንዳ ላይ። አንቺ 5.8 ስትይው እሱ የሚሰማው «የእማዬ ቤት ይህን ብቻ ነው የሚያወጣው» የሚል ነው። በዶላር የሚያስበው ስስታም ሆኖ ላይሆን ይችላል። እዚህ ስንኖር ሁሉን ነገር በእሱ መለካት ይለምድብናል።

እኔን ያሳመነኝ ክርክር አልነበረም። እህቴ በስልክ ቪዲዮ ቤቱን ዞራ አሳየችኝ። ምንም ሳትናገር፣ ክፍል በክፍል። ሞክሪው።

የሎዛ ሰው

ለምን ወለድ አገድ አትሰጡትም? ካልተሸጠ መሸጡ ግድ ነው እንዴ? ገንዘብ ያለው ሰው አንድ ሁለት ሚሊዮን ይሰጣችኋል፣ በወለዱ ፈንታ ቤቱን ይጠቀምበታል፣ ገንዘቡን ስትመልሱ ይለቅላችኋል። የእኛ ሰው ዱሮም የሚያውቀው ነው።

ማኅተም

የሎዛው፣ ልክ ነዎት፤ ሕጉም ያውቀዋል። ግን ለአራት ወራሽ አልመክርም። ብሩ ተካፍሎ ይበላል፤ መመለሻው ቀን ሲደርስ ማን ያዋጣል? ወለድ አገድ የሚጠቅመው አንድ ችግረኛ ባለቤት ሲኖር ነው። ማከራየት ይሻላል። እሱም ቢሆን የቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። በክልል ከተማ የት የት እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ክፍለ ከተማ ጠይቃችሁ ፈርሙ። በኅዳር እሸጣለሁ የሚል ሰው በነሐሴ የሁለት ዓመት ውል ውስጥ እንዳይገባ።

የዳገቷ ልጅ (መስከረም 2018)

እንኳን አደረሳችሁ። ጠፍቼ ነበር፤ ሥራ ስሠራ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት ለገዢዎቹ ነው። ከደላላው አምስት ስልክ ተቀበልኩ፣ ሦስቱ አነሱ። አንዱ «ካርታው በሟች ስም ነው አሉኝ፣ ጣጣ ፈራሁ» አለኝ። ሁለተኛዋ «ዋጋውን ስጠይቅ ደላላው አሜሪካ ይደወላል አለኝ፤ እኔ አሜሪካ ካለ ሰው ጋር ቤት አልገዛም» አለች። ሦስተኛው ሳቀ። «ውሃ በአሥራ አምስት ቀን ነው የሚመጣው፣ ዋናው ቤትም ጥሩ ነፍስ የለውም ተባልኩ» አለ። ነፍስ! ይህን ማን እንዳለው ዋርካው ሥር ያሉት ወንድሜ ቀድመው ነግረውኛል።

ተከራይዋ ጋ ሄድኩ። ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ቡና አፈላች። ሁለት ልጆች አሏት፣ ትንሹ ከታች ባለው ትምህርት ቤት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ይገባል። «አንቺስ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዓመት ሙሉ ለሽያጭ ስናወጣው አንድ ቀን እንኳ አልነገርናትም። ቤቱ ቢሸጥ ለመውጫ ሦስት ወር እንደምንሰጣት ጽፌ ፈረምኩላት። አሁን ሮቶውን በወረፋ ቀን የምትሞላው እሷ ናት።

ከዚያ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ዋናውን ቤት ከፍቼ ገባሁ። መስኮቶቹን ስከፍት አንደኛው እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ከእማዬ አልጋ ጀርባ፣ የቀን መቁጠሪያው በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ እርጥበት አየሁ። የቀን መቁጠሪያውን ሳነሳው ልስኑ አብሮት መጣ። ውስጡ ጭቃና ጭድ ነው። ጭዱ አሁንም ቢጫ ነው፣ ትናንት የተቦካ ይመስላል። ከላይ አሸንዳው በዘይቱኗ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው ዓመት ሙሉ ወደ ግድግዳው ሲወርድ ኖሯል። እኛ ስለ ዶላር ስንከራከር ማለት ነው።

እዚያው ቆሜ ለወንድሜ በቪዲዮ ደወልኩ። ከእንቅልፉ ገና መንቃቱ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንጓን እህት ምክር ይዤ ምንም አልተናገርኩም። ስልኩን ይዤ ዞርኩ። ግድግዳው ጋ ስደርስ ዝም አለ። ሳሎን ስገባ «ያ ቡፌው ነው?» አለ። ነው አልኩት። «ዘይቱኗ አለች?» አለ። ወጥቼ አሳየሁት። ስለ ዋጋ ያን ቀን አላወራንም።

በሳምንቱ ልዩ ውክልና ለመስጠት ኤምባሲ ቀጠሮ እንደያዘ ጻፈልኝ። «ለመሸጥ» የሚለው ቃል እንዳይቀር ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ። አራታችንም ቁርጥ ዋጋ ላይ ተስማማን፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ገዢም ያነባል። 9 ግን አይደለም።

ፍርድ ቤቱ አባታችንንም ጠየቀን። ያረፈው በ1998 ነው፤ ወረቀቱን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የወራሽነቱ ማስረጃ ጳጉሜ ከመግባቱ በፊት ወጣ። የስም ዝውውሩ ፋይል ክፍለ ከተማ ገብቷል፣ «ተመላለሺ» ተብያለሁ።

የማራኪውን ኪራይ ለቅቄ ዋናው ቤት ገባሁ። እህትና ወንድሞቼ አውቀውት በጽሑፍ አደረግነው፤ ስሙ ሲዞር ወይም ሲሸጥ እወጣለሁ። ሽታው በአሥር ቀን ጠፋ። ምሽት ምሽት እሳት አነዳለሁ። ያ ግድግዳ ግን ገና ነው፤ ጭቃ አቡክቶ የሚለጥፍ ሰው ማግኘት ቤት ከመሸጥ ይከብዳል፣ ሁሉም ብሎኬት ሆኗል ሥራው።

ለመተማው ሰውም ደላላው ደወለለት። አስታወሰን። «ሰሊጡ ይግባና አያለሁ» አለ፤ አዎም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ዋጋውን ሲጠይቅ «አሜሪካ ይደወላል» እንዳይባል ለደላላው ነግሬዋለሁ።

ካርታው ሲወጣ እጽፋለሁ። ዘይቱኑ ደርሷል፣ መብላት የፈለገ ዳገቱን ይውጣ።